የሪታጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር

ሱረያ ዓረብ አገር፣ ሻርጃ በነበረች ጊዜ ሥራዋ ድመት መንከባከብ ነበር። የእመቤቲቱ ልጆች አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ቤት የቀረችው አንዲት ነጭ ድመት ናት። ድመቷን ማበጠር፣ ጥፍሯን መቁረጥ፣ ሐኪም ቤት ማመላለስ የሱረያ ድርሻ ሆነ። እንግሊዝኛውንም የለመደችው እዚያው፣ ድመቶች ወረፋ በሚጠብቁበት ክፍል ተቀምጣ ነው። ወደ ከተማዋ ወደ ሐይቅ ስትመለስ ግን የግል ትምህርት ቤቱ ባለቤት አቶ አብዱልመናን የት እንደተማረች አልጠየቋትም። «ማሻአላህ፣ ምላስሽ የፈረንጅ ነው» ብለው ሁለተኛ ክፍልን አስረከቧት።

በእርዳታ ከመጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትምህርቱ «የቤት እንስሳትን የሚረዱ ሰዎች» የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ሱረያ ደስ አላት። ይህን ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? በሥዕሉ ላይ አንዷ ውሻ ታጥባለች፣ አንዱ ውሻ በገመድ ይዞ ያንሸራሽራል፣ ሌላው ነጭ ጋዎን ለብሶ የድመት ልብ ያዳምጣል።

«ቲቸር፣ ሰውየው ውሻውን ወዴት እየወሰደው ነው?» አለ አብደላ።

«የትም። እያናፈሰው ነው።»

«ገመዱን ቢፈታለት እኮ ራሱ ይናፈሳል።»

«ሥራው ነው» አለች ሱረያ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ስለ ውሻ አጣቢዋ ሲሰሙማ ሂንድ የተባለችው ተማሪ እጇን አውጥታ፣ የሚታጠበው ውሻ የላሰው ዕቃ እንጂ ውሻው አለመሆኑን ቁርአን ቤት እንደተማረች ለመምህርቷ አስረዳች።

ያለ ክርክር ያለፈው ሐኪሙ ብቻ ነው። በሬም ሲታመም መርፌ ይወጋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ «ዘ ቬት ሄልፕስ ፔትስ» የሚለውን፣ የእንስሳት ሐኪም የቤት እንስሳትን ይረዳል ማለት ነው፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ እስኪሰማ ድረስ በዜማ አሉት። አፏን ያልከፈተችው ሪታጅ ብቻ ናት። ልጅቱ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ አንድም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተናግራ አታውቅም። ሱረያ ዓይን አፋር ናት ብላ ትታታለች።

የወላጆች ቀን ሲደርስ አቶ አብዱልመናን ዓይን የሚገባ ነገር እንድታዘጋጅ አዘዟት። ሱረያም የከተማውን የእንስሳት ሐኪም ኢስሃቅን ጋበዘች። ኢስሃቅ ሰው አክባሪ ነው፤ ትምህርት ቤት ጠርቶት የሚያውቅ ስላልነበረ ጋዎኑን አሳጥቦና አስተኩሶ መጣ።

ልጆቹ በዜማ ተቀበሉት። ሱረያ በእንግሊዝኛ «ስለ እንግዳችን ማን ይነግረናል?» ስትል የሪታጅ እጅ ወጣ። ሱረያ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ዘ ቬት ኪል ማይ ዶግ» አለች ሪታጅ ጥርት ባለ ድምፅ።

ነገሩ ከሱረያ ጆሮ ደርሶ ልቧ ጋ ገና አልደረሰም። ገደለ ለማለት ይገድላል ማለቷን ብቻ ሰማችና፣ እንደ ልማዷ «ኪልድ» ብላ አረመቻት።

«ዘ ቬት ኪልድ ማይ ዶግ» አለች ሪታጅ አስተካክላ። ሐኪሙ ውሻዬን ገደለ።

ከሁሉ ቀድመው ብድግ ብለው ያጨበጨቡት አቶ አብዱልመናን ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ወላጆች ተከተሏቸው። የሪታጅ እናት ዙለይሃ እልልታውን አቀለጠችው። ያላጨበጨበው ኢስሃቅ ነው። ክረምት ላይ እብድ ውሻ ገበያ ገብቶ ሰው በነከሰ ጊዜ፣ መርዝ የተቀባ ሥጋ በየመንገዱ እንዲጥል የታዘዘው እሱ ነበር።

ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀና በአማርኛ «ውሻሽ ማን ይባል ነበር?» አላት።

«መከታ። እብድ አልነበረም። ከግቢ ሾልኮ ወጥቶ ነው።»

ዙለይሃ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«ሰው ተነክሶ ነበር» አለ ኢስሃቅ። «ክትባት ጠይቀን አልመጣም፤ መርዙ ግን ቶሎ መጣ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ «አፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

ሪታጅ ዞር ብላ ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። አቶ አብዱልመናን ፈጠን ብለው የሚቀጥለውን መዝሙር አስጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት ዙለይሃ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ተገኘች። ሱረያ ሌሊቱን ስታሰላስለው ያደረችውን ይቅርታ ልትጀምር ስትል፣ ሴትየዋ ቀደመቻት።

«አብሽሪ፣ ለወቀሳ አልመጣሁም። ወላሂ ልጄ እንዲህ መናገሯን አላውቅም ነበር። ሦስተኛ ክፍል ብታስገቧትስ?»

ሱረያ «አያታለሁ» ብቻ አለቻት።

ኢስሃቅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፈም። ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ጨቀጨቀ፤ በኋላ ክትባቱ መጣና ልጆቹ ውሾቻቸውን በገመድ እየጎተቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሞሉ። ሱረያ የየውሻውን አንገት እየያዘች፣ እሱ እየወጋ፣ ረፋዱ አለፈ። ሪታጅ ባዶ እጇን አጥር ተደግፋ ሁሉንም አየች። ኢስሃቅ ዕቃውን ሲሰበስብ ግን ቀረበችው።

«የአብደላ ይቀራል» አለችው። «አልጋ ስር ደብቆታል። ዶክተሩ ይገድሉብኛል ብሎ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም አላልኩትም። ቤቱን ላሳይዎት?»

ኢስሃቅ የክትባት ሣጥኑን አነሳ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ቁልቁል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ወረዱ።