ለጡረታ የተላኩ ሽማግሌዎች

ወይዘሮ ተናኘ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ ገና ሳያማትቡ የሚመጣባቸው አንድ ሐሳብ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው የሩሐማ ጡረታ። ልጅቷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። እሳቸው ግን በሐሳባቸው ምርኩዝ አስይዘዋት፣ ወፍራም መነጽር አድርገውላት፣ ጀርመን አገር፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር አሥረኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን አስቀምጠዋት ጨርሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩሐማ ጊንሃይም ሰፈር በሚገኝ አንድ የአዛውንቶች መኖሪያ አራት ዓመት ስትሠራ፣ ከመንግሥቱ ጡረታ ሌላ፣ በመሥሪያ ቤቱ በኩል በየወሩ ከደመወዟ እየተቆረጠ የሚጠራቀምላት ገንዘብ ነበር። አምና ለቃ ሆስፒታል ገባች። ሆስፒታሉም «የድሮውን ውል ወረቀት ካመጣሽ ገንዘቡ ወደ እኛ ይዛወራል። ጥያቄሽ ግን በለቀቅሽ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት» አላት። ሩሐማ «እሺ» ብላ ወጣች። ከዚያ ዝም አለች። አሥራ አንድ ወር ዝም!

«ምናለ ብትጠይቂያቸው?» ይሏታል አያቷ።

«ሽፔተር፣ እማማ። በኋላ!»

«በኋላማ የሚመጣው እርጅና ነው!»

ምክንያቱ ለወይዘሮ ተናኘ አልጠፋቸውም። ልጅቷ የወጣችው ተጣልታ ነው። ለፋሲካ ፈቃድ ብትጠይቅ ኃላፊዋ ፍራው ኬስለር «ፋሲካማ ካለፈ ቆየ እኮ» አለቻት። ሩሐማ «ያለፈው የእናንተ ነው!» ብላ፣ ለአያቷ ያልነገረችውን ሌላ ቃል ጨምራ፣ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። መልቀቂያዋንም አስገባች። አሁን ታዲያ በየትኛው ፊቷ ተመልሳ «ወረቀቴን ስጪኝ» ትበላት?

ወይዘሮ ተናኘ ሦስት ቀን አሰቡ። በአራተኛው ቀን ነገሩ በራላቸው። የተጣሉት ሰው ቤት ንብረት ሲቀር ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካላ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ሳሕለንና አቶ ረታን ያዟቸው። አቶ ሳሕለ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ያረጁ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። አቶ ረታ ብዙ አይናገሩም፤ ግርማቸው ግን ለሽምግልና ይበቃል።

«ጀርመን ዘንድ ሽምግልና?» አሉ አቶ ሳሕለ።

«ጀርመን ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው። ግን ቴርሚን፣ ቀጠሮ ይፈልጋል።»

«እንግዲያው ቴርሚኑን ይያዙልኛ!»

ሰኞ ጠዋት አቶ ሳሕለ ወደ ፍራው ኬስለር ደወሉ። የሽምግልና ጉዳይ በስልክ አይነገርምና «ሦስት አዛውንቶች ነን፤ በአካል ቀርበን የምንለምንዎ ነገር አለን» ብቻ አሉ። ቀጠሮው ለማግስቱ ተሰጣቸው። ለዓይን ሐኪም አምስት ወር የጠበቁት አቶ ሳሕለ እጅግ ተገረሙ።

በማግስቱ ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ኡ-ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ለሩሐማ ማንም አልነገራትም።

ፍራው ኬስለር በር ድረስ ወጥታ ተቀበለቻቸው። አቶ ሳሕለ ቆመው ጀመሩ። ሽማግሌ ዘሎ ጉዳዩ ውስጥ አይገባምና ስለ ጤናዋ ጠየቁ። ስለ ቤቱ ሰላም ጠየቁ። ዕድሜ ደግ ነገር መሆኑን፣ ዛሬ የመጡት ፊቷን አይተው መሆኑን፣ እባክሽ ከደጅሽ አትመልሺን የሚለውን ሁሉ በረጅሙ በጀርመንኛ አወረዱት። ወይዘሮ ተናኘ ቃሉ ባይገባቸውም ድምፁ ስላማራቸው በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ፍራው ኬስለር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተነሥታ «ኑ፣ ላሳያችሁ» አለች። በአሳንሰር ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወሰደቻቸው። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አሳየቻቸው። መታጠቢያ ቤቱን አሳየቻቸው፤ የሚደገፉበት ብረት ሁሉ አለው። አቶ ረታ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ሞከሩት።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉ ወይዘሮ ተናኘ።

አቶ ሳሕለ አንገታቸውን አከኩ። «ለሦስታችን ጎን ለጎን ክፍል የላትም። ሁለት ግን አሁኑኑ ይገኛል እያለች ነው።»

«ምን?! እዚህ ልትከተን ነው?»

«ምግቡ ግን ደህና ይሸታል» አሉ አቶ ረታ። ከቤታቸው ከወጡ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«አቶ ሳሕለ፣ በሉ ቶሎ ስሟን ይጥሩልኝ! የሩሐማን ስም!»

ስሙ ሲጠራ ፍራው ኬስለር መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ አልጋው ጫፍ ላይ ከአቶ ረታ ጎን ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። ስትጨርስ አስረዳቻቸው። ገንዘቡ እሷ ዘንድ የለም፤ ያለው ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ፣ በሩሐማ ስም ነው። ማንም አይወስድባትም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ በፖስታ ልካላት «በዚህ አድራሻ የለችም» ተብሎ ተመልሷል። ከድሮ ሰፈሯ ከሪደርቫልድ ወደ አያቷ ቤት ስትገባ ልጅቷ ለማንም አልተናገረችማ! የማዛወሪያው ጊዜ ሊያልቅ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«እንግዲያው ለኔ ትስጠኝ» አሉ ወይዘሮ ተናኘ እጃቸውን ዘርግተው።

«ለእርስዎ አልችልም ትላለች። ራሷ መምጣት አለባት።»

«ያሳደግኳት እኔ ነኝ ይበሏት!»

«ብያታለሁ። ሕጉ አያውቅዎትም።»

ወይዘሮ ተናኘ እዚያው ስልካቸውን አወጡ።

«ሽማግሌ ላክሽ?» ሩሐማ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። «ወደ ኬስለር? እማማ፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ?»

«ጡረታሽን ልድርልሽ ነው! ዘጠኝ ቀን ነው የቀረሽ። ካልመጣሽ እኔም አልመለስም፤ ክፍል አለ ብለውኛል።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሩሐማ የሆስፒታል ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ደረሰች። ከፍራው ኬስለር ጋር ተያዩ። አቶ ረታ በእጃቸው ወደ አንዷ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላዋ ጠቆሙ፤ ትርጉም አላስፈለገውም። ሩሐማ መሬት መሬት እያየች «ያን ቃል ማለት አልነበረብኝም» አለች። ፍራው ኬስለርም «እኔም የእናንተን ፋሲካ መጠየቅ ነበረብኝ» አለችና ወረቀቱን ሰጠቻት። አንድ ምክርም ጨመረች፦ «ዝም ብለሽ አታዛውሪ። የድሮ ውል አንዳንዴ ይሻላል። ሁለቱንም ወገን በጽሑፍ ጠይቂ።»

ሩሐማ ጠየቀች። ሆስፒታሉ ከራሱ የሚጨምርላት ስለነበር ማዛወሩ በለጠ። ቀኑ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ፎርሙላሩን፣ የማዛወሪያውን ቅጽ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ፈረመች።

«ምስክሮቹስ?» አሉ ወይዘሮ ተናኘ፣ ቡና ሊጠጡ የመጡትን አቶ ሳሕለንና አቶ ረታን እያዩ።

«ምስክር የሚል ቦታ የለውም።»

«ይህን ያህል ገንዘብ ያለ ምስክር? እኔን ገደል ግቢ በይኝ!»

ሩሐማ ፖስታ ልትገዛ ወረደች። ስትመለስ ወረቀቱ ታሽጎ ለመሄድ ተዘጋጅቶ አገኘችው። አያቷ ምራቅ እስኪደርቅባቸው ልሰው በራሳቸው ፖስታ አሽገውታል። በአደራ ደብዳቤ ተላከ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ሩሐማ ቆማ አነበበችና ተቀመጠች።

«ምን አሉ? እንቢ አሉ?»

«ተቀብለውታል። ተዛውሯል።»

ወይዘሮ ተናኘ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ቆይ፣ አላለቀም። ‹ከፊርማዎ በታች በማናውቀው ፊደል የፈረሙት ሦስት ሰዎች ከጡረታው ድርሻ አላቸው ወይ?› ይላሉ። እማማ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ወይዘሮ ተናኘ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«ድርሻ የላቸውም በያቸው። ገንዘቡን ካጠፋችሁባት ግን የሚመጡት እነሱ ናቸው በያቸው።»