ውሃልክና ታናሽ ወንድሙ

«እንደሱ አድርጎ ጣሪያ የሚያወጣ አናጺ ከእንግዲህ አይገኝም» አለ ፎርማኑ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ገና መሬት ላይ ቆሞ የትኛው እንጨት በምን ርዝመት እንደሚቆረጥ ይነግርሃል። ወጥተህ ስትገጥመው ቁርጥ ያለ ነው።»

በዙሪያው የተቀመጡት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው የሟች ታላቅ ወንድም ግን አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ያየው ሁሉ ሐዘን የሰበረው መስሎት ከንፈሩን መጠጠለት። ሐዘንማ ሰብሮታል። ያን ሰዓት አንገቱን ያስደፋው ግን ቅናት ነበር። ገና የመቃብሩ አፈር ባልደረቀ ወንድሙ ላይ ይቀና ነበር።

ሰውየው ግንበኛ ነው። ግድግዳን በዓይኑ ብቻ ቀጥ አድርጎ ስለሚያወጣ በሥራ ቦታ «ውሃልክ» ነው የሚሉት። የግድግዳ ቀጥታ መለኪያውን ቱምቢ የሚጥለው ለወጉ ያህል ነው ይባልለታል። ወንድሙን ወደ ግንባታ ሥራ ያስገባው እሱ ነው፤ መዶሻ አያያዝ ያሳየው፣ ሲሳሳት የሸፈነለት እሱ ነው። ታናሽየው እጁ አይታዘዝለትም ነበር። ምስማር ሲመታ ጣቱን ያገኛል፣ እንጨት ሲቆርጥ ልኩን ይስታል። «የእናቴ ልጅ ባትሆን ኖሮ አባርርህ ነበር» ይለውና አብረው ይስቃሉ።

ኋላ ታናሽየው ለግንባታ ሠራተኞች የተከፈተ የማታ የሒሳብ ትምህርት ጀመረ። ከሥራ ሲወጣ ተጣጥቦ፣ ሲሚንቶ የበላውን እጁን ቅባት ቀብቶ ይሄዳል። «ምነው፣ ብሎኬቱ ቁጠሩኝ አለ እንዴ?» እያለ ውሃልክ ይቀልድበት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ቀልዱን የሚስቅለት ጠፋ። ሠራተኛው ወንድሙን «ሒሳቡ» ይለው ጀመር። ለልስን ስንት መኪና አሸዋ እንደሚበቃ፣ ጣሪያው ምን ያህል መዝመም እንዳለበት የሚጠየቀው እሱ ሆነ። ፎርማኑ እንኳ ውሃልክን አልፎ ታናሹን ይጠራ ነበር።

የባሰው ግን የደረጃው ነገር ነው። ውሃልክ ለአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሠራ፤ እንደ ልማዱ በዓይኑ። እስከ ላይ ድረስ አማረለት፣ የመጨረሻው እርከን ግን ከሌሎቹ አጠረ። የቤቱ ባለቤት ሊያየው ሲወጣ እዚያው ተደናቅፎ በግንባሩ ሊተከል ለጥቂት ተረፈ። ሒሳቡ ተጠራ። ሜትሩን ዘርግቶ ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው ለካ።

«ሁለት ሜትር ከሰማንያ ስምንት ነው። ለአሥራ ስድስት እርከን ብታካፍለው ሁሉም እኩል አሥራ ስምንት ሳንቲም ይደርሳቸው ነበር፣ ጋሼ።»

ይህን ያለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። በክፋት አልነበረም፤ ድምፁም ዝግ ያለ ነበር። ውሃልክን ያንገበገበውም ይኸው ነው። ቢሰድበው መልስ አያጣለትም ነበር። ደረጃው ፈረሰ፤ ሒሳቡ እየለካ፣ ሌላ ግንበኛ እየገነባ እንደ አዲስ ተሠራ። ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ጤና ከመጠያየቅ አያልፉም ነበር፤ የታናሽየው ልብ ድንገት ሥራ ላይ ቀጥ እስካለች ድረስ።

አሁን ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ብሎኬት ላይ የተቀመጠ አለ። «እኔ ብሞት ስንቱ ይመጣ ይሆን?» አለ ውሃልክ በሆዱ፤ ወዲያውም የገዛ ሐሳቡ አስደነገጠው።

የወንድሙ ሚስት መጥታ በግራው ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«ወንድም ጋሼ፣ እህል ቅመስ እንጂ» አለችው በሹክሹክታ።

«በልቻለሁ።»

«መች በላህ? ሳይህ አይደል የዋልኩት?»

አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ገብታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «የማታ ትምህርቱ መምህርት ናት» አለችው የወንድሙ ሚስት። መምህርቷ ወደ ግንበኛው ዞረች።

«ውሃልክ እርስዎ ነዎት?»

«ይሉኛል።»

«ስምዎን ሳያነሳ የዋለበት ቀን አልነበረም።»

ጆሮው ጋለ። ደረጃውን ነግሯት መሆን አለበት። «ምን እያለ?» አላት።

«ይቀናብዎት ነበር።»

የሰማውን የተጠራጠረ ይመስል አፍጥጦ አያት።

«ማዕዘን በገመድ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማርኩ ጊዜ ነው» አለች። «በአንዱ ጎን ሦስት ሜትር፣ በሌላው አራት ሜትር ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ በምልክቶቹ መካከል አምስት ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው አልኳቸው። በማግስቱ ገመድ ይዞ እርስዎ የገነቡትን ቤት ማዕዘን ሁሉ ሲለካ ዋለ። ስሕተት ፍለጋ። ማታ ሲመጣ ተናዶ ነበር። ‹አንድ እንኳ አጣሁበት። ዓይኑን ቢያውሰኝ ትምህርቱን ዛሬ እተወው ነበር› አለኝ።»

ውሃልክ ደስ አላለውም። ተናደደ። «ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አለ፣ የወንድሙ ሚስት ላይ ዞሮ።

«አንተስ ነግረኸው ታውቃለህ?» አለችው። ከዚያ የሚሰናበቱ ሰዎችን ልትሸኝ ተነስታ ሄደች።

ግንበኛው ወደ መምህርቷ ተመለሰ። ፎርማኑም ሌሎቹም ወሬያቸውን ገታ አድርገው እየሰሙ እንደነበር ያውቃል። ቢሆንም ጠየቀ።

«መምህርት፣ ያ የደረጃ ማካፈል እንዴት ነው?»

«ከፍታው ሦስት ሜትር ከስድስት ሳንቲም ቢሆንና እያንዳንዱን እርከን አሥራ ስምንት ሳንቲም ቢያደርጉት፣ ስንት እርከን ይወጣል?»

ውሃልክ ዓይኑን ጨፈነ። «አሥሩ እርከን አንድ ሜትር ከሰማንያ ይበላል» አለ ለራሱ። «የሚቀረው አንድ ከሃያ ስድስት... እሱ ደግሞ...» ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። «ሰባት። አሥራ ሰባት ነው።»

«ልክ ነው» አለች።

ፊቱ በራ። ሳያስበው ወደ ግራው ዞረ፤ ወንድሙን «ሰማህ አይደል?» ሊለው አፉን ከፍቶ ነበር።

የወንድሙ ሚስት የተነሳችበት ቦታ ባዶ ነው። እጁን ዘርግቶ ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈው። አንድ አዲስ ለቀስተኛ መጥቶ መቀመጫ ፈልጎ አጠገቡ ቆመ። ውሃልክ እጁን አላነሳም።