የዘሩ ቅናትና የቦራ ደም

ከዘሩ በፊት ንግሥቴን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ሌላ ሰው ነበር፤ ወንዳወቅ ይባላል። እሱ ተምሮ የእንስሳት ሐኪም ሆነና፣ የገበሬው መሬት እንደገና የተከፋፈለበት ሽግሽግ ባለፈ በዓመቱ ቡሬ ከተማ ተመደበ። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሚስቱን ብቻዋን ቡሬ ገበያ ልኳት አያውቅም።

ላማቸው ቦራ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጨነግፍ ጎረቤቱ ሁሉ «ደሟን አስመርምሩ» አለ።

«ያ ሰው ደጄን አይረግጥም» አለ ዘሩ።

«ላሟን ሊያይ እንጂ እኔን ሊያይ ይመጣል?» አለች ንግሥቴ።

«አንቺንስ ቢያይ መች ይጠላል!»

የጨነገፈውን ጽንስ በባዶ እጁ አውጥቶ የቀበረው ራሱ ዘሩ ነው። ሰነባብቶ ትኩሳት ይመላለስበት፣ ላብ ያጠምቀው፣ ወገቡን ይቆርጠው ጀመር። ቅናቱ የሚያቃጥለው መስሎት ለሚስቱ ሳይነግር ዋጥ አደረገው።

አንድ ቀን እሱ ከተኛበት ሳይነሳ ንግሥቴ ቦራን ፈትታ ወደ ቡሬ ነዳች። ሲሰማ ዱላውን ይዞ እያነከሰ ተከተላት። የእንስሳት ክሊኒኩ ሲደርስ እሷ የላሟን ቀንድ ይዛለች፤ ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ ከላሟ አንገት ደም ይቀዳል። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

«ደህና ዋልህ ዘሩ፤ ና ያዝልኝ፣ እሷ ደክሟታል» አለ ሐኪሙ።

«መድከሟን አንተ በምን አወቅህ?»

ወንዳወቅ የቀዳውን ደም በብልቃጥ አስቀመጠ። ደሙ እስኪረጋ ሲጠብቁ ዘሩ በሁለቱ መካከል ተቀመጠ። በኋላ ሐኪሙ ከደሙ ላይ የጠለለውን ጠብታ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ሲያዋህደው ፍርፍር ብሎ ተቋጠረ።

«ብሩሴላ የሚሉት፣ ከከብት ወደ ሰውም የሚጋባ ተዋሲ ነው። ከሌሎቹ ለዩዋት፤ ወተቷንም ሳይፈላ እንዳትቀምሱ። የጨነገፈችውን በእጁ የነካ አለ?»

«እሱ ነው» አለች ንግሥቴ።

«ትኩሳት ይመላለስብሃል? ያልብሃል? ወገብህንስ?»

ዘሩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«እኔስ መች ነገርኸኝና!» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

ጤና ጣቢያ የእሱም ደም ተመርምሮ ያው በሽታ ተገኘበት። መድኃኒቱን ለሳምንታት ዋጠ። ቦራም ከመንጋው ወጣች።

ዘሩ ጉልበቱ ሲመለስ የቀሩት ከብቶች የሚመረመሩበት ቀን ደረሰ። ንግሥቴ ነጠላዋን ስታጣፋ አያት።

«አንቺ ቅሪ፤ እኔ እነዳቸዋለሁ።»

«አሁንም?»

«አሁንም» አለ። «ሰውየው ለነፍሴ ደርሶልኛል፤ አመሰግነዋለሁ። አንቺን ግን አያይብኝ።»

ከብቶቹን እየነዳ የቡሬን መንገድ ያዘ።