ተረኛው ፉርጎ

ከቁልቢ ገብርኤል ወርደን ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የደረስነው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። እኔና እናቴ ነን። ወንድሜ ከሶማሌ ጦርነት በሕይወት ከተመለሰልኝ ብላ የተሳለችውን ስለት አድርሳ ወደ ቢቸና ልንመለስ ነው። ስንመጣ በመኪና ነበር የመጣነው። የቁልቢን ዳገት ግን በእግሬ ካልወጣሁ ብላ ቀኝ እግሯ አበጠ፤ ጫማ አልገባ አላት። ሰዎች «በባቡር ብትመለሱ ይሻላል፤ መንገዱ አያንገላታም» ስላሉን ቲኬት ቆረጥን። ባቡር የሚባል ነገር ግን ሁለታችንም ከዚያ ቀን በፊት አይተን አናውቅም።

የጣቢያው ግቢ ከተማውን ጠቅልሎ የያዘ ይመስላል። ጫት በዘንቢል የተሸከሙ ሴቶች ይጋፋሉ፤ ወዛደሮች የሽንኩርት ጆንያ ያወርዳሉ፤ ወታደሮች ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ በአንድ በኩል ተከምሯል፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው በሌላ በኩል። ሰዉ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ይጠራራል። ድሬዳዋ የምትበላውም የምትለብሰውም በዚሁ በር ይገባል አሉኝ። እኔ ግን እኛ በየት በኩል እንደምንገባ እንኳ አላወቅሁም።

የአዲስ አበባው ባቡር ቆሟል። ከቁልቢ የተመለሰው ሕዝብ በበሩም በመስኮቱም እየገባ ሞልቶታል።

«ይኼስ ሞልቷል» አለች እናቴ። «ተረኛው የታለ?»

ቢቸና መናኸሪያ ደንቡ እንዲህ ነው። አንዱ አውቶቡስ ሲሞላ ተረኛው ከኋላው ባዶውን ይቆማል። ብልህ መንገደኛ በሞላው ላይ አይጋፋም፤ ሾፌሩ ቁርሱን ሳይጨርስ ባዶው ላይ ወጥቶ ወንበሩን ይይዛል። ከወንበሩ የተነሣ ወንበሩን አጣ፤ ክርክር የለም። እናቴ ለንግሥም ለለቅሶም እስከ ሞጣ ስትሄድ የኖረችው በዚህ ደንብ ነው።

ከሞላው ባቡር ጀርባ፣ በሌላ ሐዲድ ላይ፣ አንድ ፉርጎ ብቻውን ቆሟል። የእንጨት ወንበሮቹ በመስኮት ይታያሉ።

«ያውልህ» አለች።

«እማዬ፣ ሰው የለበትም እኮ።»

«ሰው ቢኖርበትማ ተረኛ ይባላል?»

ሰው ልጠይቅ ብዬ ዞርኩ፤ ሁሉም ይሮጣል፤ የሚሮጥ ሰው ማስቆም ደግሞ አይሆንልኝም። እጇን ይዤ አወጣኋት። በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ እግሯን ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ዘረጋች። ደስ አላት። «ገብርኤል ያዘጋጀልን ነው» አለች። ጥቂት ከቆየን በኋላ ውኃ ጠማት። ኮዳዬን ይዤ ወረድኩ።

ቧንቧው ላይ ሰልፍ ነበረ። ውኃውን ሞልቼ ስመለስ የሞላው ባቡር እንደቆመ ነው። ዞሬ ወደ ጀርባው ሄድኩ። ፉርጎው የለም።

በተሳሳተ በኩል የመጣሁ መሰለኝና ተመለስኩ። በወዲያኛው ጫፍ ዞሬ መጣሁ። ሐዲዱ ባዶውን ተጋድሟል። ሌላ ሐዲድ ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አየሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። እጄ ላይ ያለው ኮዳ ባይኖር ኖሮ ቀድሞም ፉርጎ አልነበረም እል ነበር።

አንድ ዘበኛ አገኘሁና እንደምንም ተጠጋሁት።

«እናቴ ጠፋችብኝ።»

«የት ነበር ያስቀመጥካት?»

«እዚህ» ብዬ አሳየሁት።

ዘበኛው ሐዲዱን አየ፤ እኔን አየ። «ሐዲድ ላይ?»

«ፉርጎ ላይ።»

«ፉርጎውስ?»

«እሱም ጠፋ።»

የሰከርኩ መስሎት ጠጋ ብሎ አፌን አሸተተ። «ወንድሜ፣ ፉርጎ አይጠፋም» አለኝ። «የዕቃው ባቡር አሁን ወደ ጅቡቲ ወጥቷል። ከእሱ ጋር ቀጥለውት ከሆነ አላውቅም።» በመስኮት የሚገቡ ሰዎች አይቶ እየጮኸ ትቶኝ ሄደ።

ጅቡቲ! ጅቡቲ የሰው አገር ነው። እናቴ የዓባይን ድልድይ ስትሻገር እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የቀበሌው የይለፍ ወረቀትም የሁለታችንም ቲኬትም ያለው በእኔ ኪስ ነው። ማን ነሽ ቢሏት ምን ታሳያለች? ልከተላት ብዬ ሐዲዱን ይዤ ጥቂት እንደሄድኩ ቆምኩ። ሐዲዱ በፊቴም በኋላዬም እኩል ነው። የትኛው ወደ ጅቡቲ፣ የትኛው ወደ አዲስ አበባ እንደሚወስድ ጠፋኝ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አልኩ። ጮኼ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«አንተ!» አለ አንድ ሰው ከሞላው ባቡር መስኮት ብቅ ብሎ። «ጎጃሜ ነህ?»

«ነኝ።»

«ከየት?»

«ከቢቸና።»

«አውቄዋለሁ! የቢቸና ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚጣራ። እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ የሞጣ ነጋዴ ነኝ። ምን ሆነህ ነው?»

ነገርኩት። ስለ ተረኛው ስነግረው መስኮቱን እየደበደበ ሳቀ። «ኸይራት፣ ሰማሽ? ባቡርን ተራ አስያዙት!» አላት አጠገቡ ለተቀመጠችው ሚስቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የኔ ወንድም፣ ከፊቱ የሚጎትተው የሌለ ፉርጎ የትም አይሄድም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ሳቁ ቆመ። ትንሽ አሰበና በመስኮቱ እግሩን አወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሊሄድ ነው እኮ!» አለች ኸይራት።

«ወንበሬን ያዢልኝ!» ብሎ ዘለለ።

ልብሱ በዘይት የጠቆረ ሠራተኛ አስቁሞ በኦሮምኛ ጠየቀው። ሰውየው ከመጋዘኖቹ ባሻገር ያለ የቆርቆሮ ዳስ አሳየን። ሮጥን። ፉርጎዬ እዚያ ነበር፤ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ሠራተኞች መዶሻና መፍቻ ይዘው ዙሪያውን ከበውታል። እናቴ በመስኮቱ ትታያለች። ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃለች።

«ልጃቸው ነህ?» አለኝ አንደኛው ሠራተኛ፤ የተገላገለ መሰለ። «እባክህ አውርዳቸው። መንኰራኩሩን ልንፈታ ነው። ሰው እንዳለበት መች አየን? ገፍተን እዚህ ስናደርሰው ብቅ ብለው ‹ረዳቱ አንተ ነህ?› አሉኝ።»

ሰይድ ወደ መስኮቱ ቀረበ። «እናቴ፣ ይውረዱ። የአዲስ አበባው ሊነሣ ነው።»

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«የሞጣ ሰው ነኝ።»

«የሞጣ ሰው ወንበር ሲያስለቅቅ አውቀዋለሁ» አለችው።

ሰይድ ሊስቅ ሲል ከወዲያ ማዶ ባቡር ጮኸ። ደነገጠ። «ኸይራት ብቻዋን ናት! ተሸከማትና ና፤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ!» ብሎኝ ወደ መጣንበት ሮጠ።

ወደ ላይ ወጣሁ። እናቴ ቀና ብላም አላየችኝ። በሁለት እጇ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣለች።

«እማዬ፣ ነይ ልዘልሽ። ባቡሩ እየሄደ ነው።»

ጠርዙን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

«ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው፤ ለአንድ ወንበር ብለሽ?»

«የምን ወንበር ነው የምትለኝ?» አለች። «ተቀምጬ ሳለ ቤቱ ከነእኔ ተነሥቶ ሄደ። የሚነዳው ሰው የለ፣ የሚጮኽ የለ። ብጣራ የሚሰማኝ የለ። ልውረድ ብል ደግሞ የት ወርጄ የት ልቆምልህ? የጠፋ ሰው ባለበት ካልቆየ ማን ያገኘዋል?»

ልሸከማት ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ቀና አልኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከጠርዙ አላቀቅኋቸውና በእጄ ያዝኳቸው። ሠራተኛው በመስኮት አየን፤ ለጓደኞቹ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላቸውና መዶሻቸውን አስቀምጠው ጥላው ሥር ተቀመጡ።

ባቡሩ እንደገና ጮኸ። ከዚያ ተነሥቶ ሲሄድ የመሬቱ መንቀጥቀጥ በወንበሩ በኩል ተሰማኝ። ሰይድ ይድረስ አይድረስ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ይሆን ወይስ ገብቶ ይቀመጥ፣ አላወቅሁም። ድምፁ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ የሚመጣ ይመስላል።

«ያ ወዴት የሚሄደው ነው?» አለች እናቴ።

«እንጃ፣ እማዬ» አልኳት።