ማክሰኞ የጠፋችው ወረቀት

ጋሽ ወርቅአፈራሁ እንቅልፍ ካጡ አራት ቀናቸው ነው። ጉድ ያፈላባቸው አምስት ኪሎ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ያመጡት አመል ነው፤ አዲስ ቃል ከሰሙ ከነትርጉሙ ሳይጽፉ አያድሩም። ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከባሕር ማዶ ሬዲዮ የለቀሟቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፉ። «ሪፈረንደም» ሕዝበ ውሳኔ፣ «ተርንአውት» ለድምፅ የወጣው ሰው ብዛት፣ «ሪግድ» የተጭበረበረ ምርጫ። ማክሰኞ ወረቀቷ ጠፋች። በደርግ ዘመን «የተጭበረበረ ምርጫ» ብሎ መጻፍ የት እንደሚያስገባ የፒያሳ ድንጋይ ሁሉ ያውቃል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀበሌው ጸሐፊ ካሳዬ ደብተር ይዞ መጣ። በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማክሰኞ ጽፈው ያስተማሩኝን የዜና ቃላት ይድገሙልኝ። ሪፈረንደም፣ ተርንአውት፣ ሪግድ። የውጭ ጋዜጠኞች ሲመጡ እንዳላፍር ብዬ ነው።»

የሽማግሌው ልብ ድው አለ። የምን ማክሰኞ? የምን ትምህርት? ለካ ወረቀቷ እሱ እጅ ገብታለች! በገዛ አፋቸው ሊያስለፈልፋቸው ነው የመጣው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር።

«አንተን አስተምሬህ አላውቅም» አሉ ኮስተር ብለው።

ካሳዬን ላብ አጠመቀው። «ረስተውት ነው ጋሼ። ‹ሪግድ› የሚባለው ስለ ሰው አገር ምርጫ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለና ዓይኑን ወደ በሩ ጣል አደረገ። ያቺንም ዓይን የሰላይ ዓይን አድርገው ቆጠሯት።

«ቃሉንም ስሰማው ዛሬ ገና ነው።»

ደረታቸውን ነፉ። አቤት ብልጠት! እኝህን ሰው ማን ይሸውዳል?

በሩ ተከፈተ። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ደምመላሽ፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቀበሌ ሱቅ ጥለውት የሄዱትን የስኳር ካርድ ይዞ ገባ። የጠፋችው ወረቀት በካርዱ መሐል ታጥፋ ገብታለች።

«ጓድ ካሳዬ፣ ‹የኔ መማሪያ ናት፣ እሳቸው ጽፈው የሰጡኝ› ያልከኝ ይህችን ነው? እንግዲህ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለታችሁም ቅደሙ!»

ያን ጊዜ ገባቸው። ልጁ እሳቸውን ሊያድን አንገቱን አስይዞ ነበር የመጣው። በራሳቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም።

«ተማሪዬ ነው!» ብለው ጮኹ። «አስተምሬዋለሁ ጓድ! ሦስቱንም ቃል አስተምሬዋለሁ!»

ደምመላሽ በጣቱ ወደ ደጅ አመለከተ።

ካሳዬ ካፖርታቸውን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ትከሻቸው ላይ ደረበላቸው።

«እዚያ ይበርድዎታል ጋሼ» አለ።