የዲግሪው ቁጥር

«ዲግሪ ብለሽ ጻፊ» አሉ ጋሽ ግዛቸው፣ እየሸመኑ። «በአካውንቲንግ።»

ከወረዳው የተላከችው መረጃ ሰብሳቢ፣ ልዩ፣ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ታብሌት ነካ ነካ አደረገች። ሽሮ ሜዳን ቤት ለቤት እየዞረች፣ ከሚሠራውና ሥራ ከሚፈልገው ሰው መካከል ስንቱ ዲግሪ እንዳለው ትመዘግባለች። የጋሽ ግዛቸው ልጅ ኢየሩ ጥግ ላይ ተቀምጣ ክር ታጠነጥን ነበር። እጇ ቆመ።

«ጎበዝ ልጅ አለችዎት፣ አባባ።»

«ጎበዝ ናት። አንቺስ ተምረሻል?»

«እኔም ዲግሪ አለኝ፤ ይኸው በር አንኳኳበታለሁ።»

ጋሽ ግዛቸው ሳቁ። ልዩ ወደ ኢየሩ ዞረች።

«የዲግሪሽን ቁጥር ትነግሪኛለሽ? ወረቀቱ ላይ አለ። ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ስም ለቀጣሪዎች እንልካለን።»

«አውጪላት እንጂ» አሉ አባቷ።

ኢየሩ የምታወጣው ወረቀት አልነበራትም። አምና በሐምሌ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች የምረቃ ምስጋና ፕሮግራም ሲያዘጋጁላት፣ የመውጫ ፈተናው ውጤት ገና አልወጣም ነበር። ጋዋን ለብሳ ፊት ቆመች፤ መዘምራኑ ዘመሩላት፤ አባቷ ማይክ ይዘው መናገር አቅቷቸው አለቀሱ። በአራተኛው ቀን ውጤቱ ወጣ፤ ሠላሳ ስምንት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። በጥር ደግማ ተፈተነች፤ አርባ ስድስት። ለማንም አልተናገረችም።

«አባዬ» አለች። «ዲግሪ የለኝም። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ቀና ብለው አላዩዋትም።

«አብራሽ የተማረችው ሮሃ፣ በመስከረም ለእናቷ ነጠላ ልትገዛ መጥታ ነበር። አለፍኩ አለችኝ። አንቺን ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች ሄደች። በጥርም፣ ሥራ ልፈልግ ብለሽ በጠዋት ስትወጪ፣ ልትፈተኚ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። እስክትመለሺ ስጸልይ ዋልኩ።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ለምን ዲግሪ አላት ትላለህ?»

«ምን ልበል? እኔ ቀድሜ ላሳፍርሽ?»

ኢየሩ ማልቀስ ፈለገች፤ ሰው ፊት ሆነባት። ልዩ ልትነሣ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

«እ... ማለቴ፣ ከፈለግሽ ባዶ ልተወው እችላለሁ።»

«አይ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብለሽ ጻፊ» አለች ኢየሩ።

ልዩ ጻፈች። «ሥራስ?»

«ፈላጊ በያት» አሉ ጋሽ ግዛቸው ፈጠን ብለው። «ክረምት ላይ እንደገና ትፈተናለች። በዚህኛው ታልፋለች።»

ኢየሩ አባቷን አየቻቸው። ትከሻቸው ጎብጧል። ክረምት ላይ ደግሞ እዚያው ተቀምጠው ሲጸልዩ፣ እሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ስትመለስ ታያት።

«ሽመና ብለሽ ጻፊ» አለች።

ልዩ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ አባቷን አየች። በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ታጠነጥናለች እንጂ አትሸምንም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ።»

አባቷ «ተይ» እስኪሏት ጠበቀች። አላሏትም። እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ አወጡና፣ ግድግዳውን ተደግፈው በመነሣት ቦታውን ለቀቁላት።