ከአልጋ መነሳት

«እማዬ፣ እኔ ተጉሲጋልፓ ከሄድኩ አያቴን ጠዋት ጠዋት ማን ያነሳታል?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ዱልሴ ናት። በዋና ከተማው ያለው የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ ልትገባ ሦስት ወር ቀርቷታል። እኔ ጎህ ሳይቀድ ወደ በቆሎ ወፍጮው እወጣለሁ። እናቴ ኦቢዱሊያ ደግሞ አርባ ዓመት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ፣ ቁርጥማት ጉልበቷንና ጣቶቿን ይዟት ያለ ደጋፊ አትነሳም።

እኔም አባባስኩባት። እንዳያማት ብዬ ውሃ እንኳ በእጄ ነበር የማጠጣት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ማንበብ የተማርኩት በዚያው ዓመት ስለነበር በጣቴ እየተከተልኩ ለእናቴ አነበብኩላት፦ ብዙ መቀመጥ መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ በየቀኑ ጥቂት ተንቀሳቀሱ፤ ጣቶቻችሁን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አፍታቱ።

«ውሃ?» አለች እናቴ። «ካውያ የያዘ እጅ ውሃ ሲነካ እንደሚኮማተር አታውቂም?»

አውቃለሁ፤ እኔም ፈራሁ። እኛ ዘንድ ስትተኩስ የዋለች ሴት እስከ ማግስቱ እጇን አትታጠብም።

«ካውያ ከያዝሽ እኮ ሁለት ዓመት ሆነሽ።»

«ሙቀቱ አጥንቴ ውስጥ አለ።»

ጎረቤታችን ኤርሜሊንዳ፣ እሷም የድሮ ልብስ ተኳሽ ናት፣ ከአጥሩ ማዶ ሳቀች። «እንግዲያው ባቄላሽን በአጥንትሽ ቀቅይበታ! ምን ማገዶ ታስፈጃለሽ?»

በማግስቱ ወንበሯን ተሸክማ መጣች። ለብ ያለ ውሃ በሞላሁበት ሳህን ውስጥ መጀመሪያ የራሷን እጅ ነከረች። እናቴ ብዙ ቆይታ ተከተለቻት። ከዚያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ጀመሩ፤ በቀን ሦስት ጊዜ።

ለእኔ ሦስት አነሰኝ። ዱልሴ የምትሄድበት ቀን ሲቀርብ እናቴን አሥር ጊዜ አስነሳኋት። ጉልበቷ አብጦ ሁለት ቀን መሬት አልረገጠችም።

«ዱልሴን ለመሸኘት ብለሽ እኔን ልትሰባብሪ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ወረቀቱ ከበረታባችሁ ቀንሱ እንጂ አትተዉ ይላል፤ ያንን መስመር ዘልዬው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳትና እንደገና ከሁለት ጀመርን።

የመጨረሻው እሑድ ዱልሴ የአያቷ ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ብቻዋን ትነሳ ብላ እንዳልገባ ከለከለችኝ። የእናቴን ማቃሰት እሰማለሁ። አልጋው ሦስት ጊዜ ሲጢጥ አለ። በአራተኛው እናቴ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

«ምን ያስገትራችኋል?» አለችን። ሕመሙ አልለቀቃትም፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ሰኞ ዱልሴ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች። እኔና እናቴ ቀረን።